ፈለጅ ማለት ምን ማለት ነው?
የመስኖ ውኃን ስለ መክፈልና ስለ መጠበቅ የቀረበ ትምህርት

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ወንዝ ጠልፈው ወይም ምንጭ አጎልብተው በቦይ ለሚያጠጡ ገበሬዎችና ከእነርሱ ጋር ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞች ነው። የሚናገረውም ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ በዐረብ አገር፣ በኦማን፣ ለመስኖ ውኃ መስመር የተሰጠው ስም ሲሆን «ፈለጅ» ይባላል።

የባዕድ አገር ቃል መማር ለእርሻ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በብዙ ቦታ አዲስ ቦይ ሲወጣ ሕዝቡ ይሰበሰባል፤ ድንጋይና ሲሚንቶ ይመጣል፤ ውኃው በፈሰሰበት ቀን ትልቅ ደስታ ይሆናል። ጥቂት ዓመት ከቆየ በኋላ ግን የላይኛው ገበሬ ሲያጠጣ የታችኛው ሽንኩርት ይጠወልጋል። ሌሊት ቦይ የሚሰብር ይነሣል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል፤ ደለሉን የሚያወጣ ይጠፋል። በመጨረሻም ቦዩ ሣር ይበቅልበታል። ይህ ሁሉ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ግንቡ ስለ ተሰነጠቀ ሳይሆን ውኃው በሕግ ስላልተከፈለ ነው። የኦማን ገበሬዎች ይህን ከብዙ ዘመን በፊት ስላወቁ ነገሩን በስሙ ውስጥ አስቀምጠውታል። ስለዚህ ስሙን መመርመር ሥራውን መማር ይሆናል።

1ኛ፤ ቃሉና ዘመዶቹ

ፈለጅ የዐረብኛ ቃል ነው። ብዙ ሲሆን «አፍላጅ» ይባላል። የወጣበት ግስ ትርጉሙ ሰነጠቀ፣ ከፈለ፣ ለየ ማለት ነው። ስለዚህ ፈለጅ ማለት በቀጥታ ሲፈታ «የተከፈለ» ወይም «መከፈያ» እንደ ማለት ነው። በዚህ ስም የሚጠራው ቦዩ ብቻ አይደለም። ውኃው፣ ውኃው የሚወጣበት ጉድጓድ፣ ባለድርሻዎቹና የድርሻቸው ሥርዓት በጠቅላላው ፈለጅ ይባላሉ።

ይህ ቃል ለእኛም ፍጹም እንግዳ አይደለም። ዐረቦች «ጀ» በሚሉበት ቦታ ግዕዝ ብዙ ጊዜ «ገ» ይላል። እኛ ግመል የምንለውን እነርሱ ጀመል ይላሉ። በዚሁ መንገድ ፈለጅ የሚለውን ቃል ወደ ግዕዝ ብንመልሰው «ፈለግ» ይሆናል። ፈለግ በግዕዝ ወንዝ ማለት ነው፤ ብዙ ሲሆን «አፍላግ» ይባላል። አፍላጅና አፍላግ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ለመረዳት ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። «ፈለገ ግዮን» ወይም «ፈለገ ሕይወት» ስንል የምንጠራው ይህንኑ ቃል ነው። በአማርኛም ፈለግ ማለት ዱካ፣ መንገድ ማለት ሆኖ ይኖራል፤ የአባቱን ፈለግ ተከተለ ይባላልና።

በዕብራይስጥም ወንድሙ አለ። «ፔሌግ» ማለት የውኃ ፈሳሽ፣ ቦይ ማለት ነው። በመዝሙር 1 ላይ ስለ ጻድቅ ሲናገር በዳሩ ዛፍ የተተከለበት ውኃ በዕብራይስጡ የሚጠራው በዚህ ቃል ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 ላይም ፋሌቅ የሚባል ሰው አለ፤ በዘመኑ ምድር ስለ ተከፈለች ይህ ስም እንደ ወጣለት ይነገራል። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው አሮጌ ቃል ደግሞ በመስጴጦምያ፣ ማለት በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች አገር፣ ይነገር በነበረው በአካድ ቋንቋ «ፓልጉ» የሚለው ነው። ትርጉሙም የመስኖ ቦይ ነው።

እንግዲህ ወንዝ፣ ቦይና መክፈል በእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ምክንያቱን ገበሬ በቀላሉ ይረዳዋል። ውኃ መሬቱን ሰንጥቆ ይወጣል፤ ሰውም መሬቱን ሰንጥቆ ውኃውን ይመራል፤ የተመራውን ውኃ ደግሞ ለየማሳው ይከፍላል። እነዚህ ሦስት ሥራዎች ናቸው። ብዙዎቻችን ሁለቱን ሠርተን ሦስተኛውን እንተዋለን።

2ኛ፤ ፈለጅ እንዴት ይሠራል?

በኦማን ሦስት ዓይነት ፈለጅ አለ።

ሀ/ «ጋይሊ» የሚባለው በሸለቆ የሚፈሰውን ውኃ ጠልፎ በገጸ ምድር ቦይ የሚወስደው ነው። ይህ በእኛ አገር ከምናውቀው ወንዝ መጥለፍ ጋር አንድ ነው።

ለ/ «ዓይኒ» የሚባለው ከምንጭ የሚነሣው ነው። ዓይን በዐረብኛ ምንጭ ማለት ነው። እኛም የምንጭ ዓይን እንላለን።

ሐ/ «ዳውዲ» የሚባለው ከመሬት በታች የሚሄደው ነው። ስሙ ከዳዊት ልጅ ከሰሎሞን ጋር የተያያዘ ነው። በአገሩ አፈ ታሪክ ሰሎሞን በኦማን ላይ ሲያልፍ ምድሩ ደረቅ መሆኑን አይቶ ጂኒዎችን አዘዘና በ10 ቀን 10,000 ፈለጅ አስቆፈረ ይባላል። እርግጥ የቆፈሩት ጂኒዎች ሳይሆኑ ሰዎች ናቸው። በአል ዓይን አካባቢ የተገኙት ከመሬት በታች የሚሄዱ ቦዮች ከዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ በፊት የተሠሩ ናቸው።

የዳውዲ ፈለጅ አሠራር እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ በተራራ ግርጌ፣ ከእርሻው ከፍ ባለ ቦታ፣ ከመሬት በታች ያለው ውኃ እስኪገኝ ድረስ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል። ይህ ጉድጓድ «ኡም አል-ፈለጅ» ይባላል፤ የፈለጅ እናት ማለት ነው። ከዚያም ከእርሻው በኩል ተነሥቶ ወደ እናት ጉድጓድ የሚደርስ ዋሻ ይቆፈራል። የዋሻው ወለል ዝቅ የሚለው በጣም በጥቂቱ ነው። ቁልቁለቱ ከበዛ ውኃው እየሮጠ ዋሻውን ይሸረሽራል፤ ካነሰ ደግሞ ደለል ይተኛበታል። በዋሻው መንገድ ላይ በየተወሰነ ርቀት ወደ ላይ የሚከፈቱ ጉድጓዶች አሉ። ቆፋሪዎቹ አየር የሚያገኙት፣ አፈሩም የሚወጣው፣ ኋላም ጠራጊዎች የሚገቡት በእነርሱ ነው። ቦዩ የደራሽ ውኃ መንገድ የሚያቋርጥበት ስፍራ ሲያጋጥም ውኃው በአንድ በኩል ወደ ታች ወርዶ በሸለቆው ሥር ያልፍና በሌላው በኩል ይወጣል። ይህ ሁሉ ያለ ሞተርና ያለ ነዳጅ፣ በውኃው ክብደት ብቻ ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ1997ና በ1998 በኦማን በተደረገ ቆጠራ 4,112 ፈለጆች ተመዝግበው ከእነርሱ 3,017ቱ ውኃ የሚሄድባቸው ሆነው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ዩኔስኮ አምስቱን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ከእነርሱ አንዱ በኒዝዋ ከተማ ያለው ፈለጅ ዳሪስ ነው።

3ኛ፤ ውኃው እንዴት ይከፈላል?

የትምህርቱ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው።

ቅደም ተከተል፤ ውኃው ወደ መንደር ሲገባ መጀመሪያ የሚገኘው የመጠጥ ውኃ መቅጃ ነው። ከዚህ ቦታ ማንም ሰው፣ ድርሻ ያለውም የሌለውም፣ መንገደኛም ጭምር፣ ያለ ክፍያ ይቀዳል። ከዚያ በታች የመታጠቢያ ስፍራዎች ይመጣሉ። ቀጥሎ ውኃው ወደ ቴምር ዛፎች ይገባል። ከሁሉ በታች በየወቅቱ የሚዘሩት የእህልና የአትክልት መደቦች ይገኛሉ። ይህ አቀማመጥ በዘፈቀደ የሆነ አይደለም። ውኃ ባነሰ ጊዜ የሚተወው የመጨረሻው መደብ ነው። ለዓመታት የተደከመበት ዛፍ ከሚደርቅ በዚያ ዓመት ጥቂት መደብ ሳይዘራ ቢያድር ይሻላልና።

መለኪያው፤ በፈለጅ ውኃ የሚከፈለው በሊትር ሳይሆን በጊዜ ነው። ዋናው መስፈሪያ «አሰር» ይባላል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። 24 አሰር አንድ «ባዳ» ይሆናል፤ ይህም ግማሽ ቀን፣ ማለት 12 ሰዓት ነው። ቀንና ሌሊት አንድ ላይ ሁለት ባዳ ይሆናሉ። አንድ ገበሬ ድርሻው 3 አሰር ከሆነ በየዙሩ አንድ ሰዓት ተኩል የፈለጁ ውኃ በሙሉ የእርሱ ነው። ሰዓቱን ቀን ቀን የሚያውቁት በፀሐይ ጥላ ነበር። ለዚህም አንድ እንጨት በሜዳ ይተከልና ጥላው የሚያርፍበት ቦታ በምልክት ይለያል። ሌሊት ደግሞ የታወቁ ከዋክብት ሲወጡና ሲጠልቁ እያዩ ተራ ይለውጡ ነበር። ዛሬ በብዙ ቦታ የእጅ ሰዓት ይህን ሥራ ተክቶታል፤ ክፍፍሉ ግን ያው ነው።

በጊዜ መክፈል ትልቅ ጥበብ ያለበት ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ይህን ያህል ሊትር ይሰጠው የሚል ሕግ ቢኖር፣ ድርቅ በመጣ ጊዜ የላይኞቹ ሊትራቸውን ሞልተው ሲጨርሱ ለታችኞቹ የሚተርፍ አይኖርም። በጊዜ ሲከፈል ግን ምንጩ በግማሽ ቢቀንስ የሁሉም ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል። የላይኛውም የታችኛውም እኩል ይጠማል፤ ዝናብ ሲመጣም እኩል ይጠግባል። እንግዲህ ጊዜን መክፈል ድርቁንም አብሮ መክፈል ነው።

ሹማምንቱ፤ ፈለጅን የሚያስተዳድረው «ወኪል» የሚባል የተመረጠ ሰው ነው። «ዓሪፍ» የሚባለው ደግሞ ተራውን ይቆጣጠራል፤ ውኃውን ከማን ወደ ማን እንደሚዞር ያስታውቃል። ሒሳብ የሚይዝ ሰውም አለ።

መዋጮው፤ በብዙ ፈለጆች ከድርሻዎቹ ጥቂቱ የማንም ሰው አይደለም፤ የፈለጁ የራሱ ነው። ይህ ድርሻ በጨረታ ይሸጥና ገንዘቡ ለጠረጋና ለጥገና ይውላል። በዚህ ዘዴ የጥገናው ገንዘብ የሚወጣው ከውኃው ከራሱ ነው። በአማርኛ «መክፈል» ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ ማካፈል ነው፤ ሁለተኛው ዋጋ መስጠት ነው። በፈለጅ ዘንድ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ውኃ የሚካፈል ሰው ለቦዩ ይከፍላል።

4ኛ፤ ሁለተኛው ቃል፣ ቃናት

የኦማን ዳውዲ ፈለጅ በኢራን «ቃናት» ይባላል። በአፍጋኒስታን ካሬዝ፣ በአልጄሪያ ፎጋራ፣ በሞሮኮ ኸታራ ይሉታል። ከእነዚህ ውስጥ ቃናት የሚለው ስም ሌላ ትምህርት ስለያዘ በአጭሩ እንመልከተው።

ቃሉ ጥንት በአካድ ቋንቋ «ቃኑ»፣ በዕብራይስጥም «ቃኔ» ሲሆን ትርጉሙ ሸምበቆ ነው። ሸምበቆ ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ውኃ ያሳልፋል። ስለዚህ ሸምበቆ የሚለው ስም ለቱቦና ለቦይ ስም ሆነ። ቃሉ ወደ ግሪክና ወደ ላቲን ተሻግሮ ዛሬ መሐንዲሶች «ካናል» የሚሉትን አስገኘ።

ሸምበቆ ቀጥ ያለም ስለ ሆነ መለኪያ ነበር። በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 40 ላይ ቤተ መቅደሱ የሚለካበት ዘንግ በዕብራይስጡ በዚህ ቃል ይጠራል። ግሪኮችም ቀጥ ያለውን የመለኪያ ዘንግ «ካኖን» አሉት። ኋላ ካኖን ማለት ደንብ፣ ሕግ ማለት ሆነ። ከዚያም ወደ ግዕዝ ሲገባ «ቀኖና» ተባለ። የቋንቋ ሊቃውንት ካኖን የወጣው ከዚያው ከሸምበቆው ስም ነው ይላሉ።

እንግዲህ ውኃ የሚያልፍበት ቃናትና ሰው የሚተዳደርበት ቀኖና ከአንድ ሸምበቆ የተቆረጡ ናቸው። ቱቦውም መለኪያውም ያው ሸምበቆ ነበር።

በታሪክም ሁለቱ አልተለያዩም። ፖሊቢዎስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ፣ የፋርስ ነገሥታት ውኃ ወዳልነበረበት ምድር ከመሬት በታች ውኃ ላመጡ ሰዎች መሬቱን ለአምስት ትውልድ እንዲጠቀሙበት ይሰጡ እንደ ነበር ጽፏል። አምስት ትውልድ መባሉ የሚያስገርም አይደለም። የልጅ ልጁ እንደሚጠቀምበት ያላወቀ ሰው በጨለማ ዋሻ ውስጥ ዓመት ሙሉ አይቆፍርምና። በ9ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የኮራሳን ገዥ የነበረው አብደላ ኢብን ጣሂር ሕዝቡ በቃናት ነገር እየተካሰሰ ቢያስቸግረው፣ በሕግ መጻሕፍትም ስለ ቃናት የተጻፈ ባይገኝ፣ የሕግ ዐዋቂዎችን ሰብስቦ «የቃናቶች መጽሐፍ» የተባለ ደንብ አስጽፏል።

በኢራን መንደሮች የውኃ ተራ የሚለካው ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ባለው የመዳብ ጽዋ ነበር። ጽዋው ውኃ በሞላበት ሰፊ ዕቃ ላይ ይንሳፈፋል፤ በቀዳዳው ቀስ በቀስ ይሞላና ይሰምጣል። አንድ ጊዜ ሲሰምጥ አንድ መስፈሪያ ይሆናል። ገበሬዎቹ ያምኑታል የተባለ ሽማግሌም ከአጠገቡ ተቀምጦ ይቆጥራል። የጽዋው ስም «ፔንጋን» ነው። ይህ ቃል በዐረብኛ ፊንጃን ሆነ፤ ወደ እኛ ሲደርስም ቡና የምንጠጣበት «ፍንጃል» ሆነ። ውኃውን የሚያከፋፍለው አለቃ ደግሞ «ሚራብ» ይባላል፤ ትርጉሙ የውኃ አለቃ ነው።

5ኛ፤ ፈለጅን የሚያደርቀው ምንድን ነው?

ፈለጅና ቃናት ብዙ ጦርነትና ብዙ ድርቅ አሳልፈዋል። በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ብዙዎቹን ያደረቀው የሞተር ፓምፕ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፈለጅ የሚወስደው ከመሬት በታች ካለው ውኃ በራሱ ኃይል የሚፈሰውን ብቻ ነው። ውኃው ሲበዛ ብዙ ይፈሳል፤ ሲያንስ ጥቂት ይፈሳል። ከእናት ጉድጓድ አጠገብ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ሞተር የሚተክል ሰው ግን ውኃው በራሱ ከማይደርስበት ጥልቀት ይስባል። ከመሬት በታች ያለው የውኃ ወለል ከዋሻው ወለል በታች ከወረደ ፈለጁ ሌላ ጉዳት ሳይደርስበት ይደርቃል። አንድ ሰው በ1 ዓመት አረንጓዴ ያደረገው ማሳ 100 ቤት ሲጠቀምበት የኖረውን ምንጭ ሊያጠፋ ይችላል። ከዚያም ውኃው እየራቀ ሲሄድ የራሱም ጉድጓድ ይደርቃል።

ለዚህ ነው የድሮው ሕግ «ሐሪም» የሚባል ክልል የሠራው። ሐሪም በአንድ የውኃ መገኛ ዙሪያ ሌላ ሰው እንዳይቆፍር የተከለለ መሬት ነው። በኢራን የፍትሐ ብሔር ሕግ ለምንጭና ለቃናት የሚከለለው በለስላሳ አፈር 500 ገዝ፣ በጠንካራ መሬት 250 ገዝ ነው። 1 ገዝ 1 ሜትር ያህል ነው። በለስላሳ አፈር ክልሉ የሚሰፋው ውኃ በዚያ በቀላሉ ስለሚሳብ ነው።

በአገራችንም ይህን የሚመስል ትምህርት አይተናል። በምሥራቅ ሐረርጌ ያለው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ገደማ ደርቆ ነበር። ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ይሳብ ነበር፤ ለሐረር ከተማ መጠጥም ከእርሱ ይወሰድ ነበር፤ ከተራቆተው ኮረብታ የወረደው ደለልም ሞልቶት ነበር። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶ መታየት መጀመሩ መልካም ነው። ሁለተኛ እንዳይደርቅ የሚጠብቀው ግን የክፍፍል ሕግ ነው።

6ኛ፤ ይህን በቦያችን እንዴት እንሥራበት?

በአማራ አካባቢዎች በቆየው የመስኖ ልማድ ተራ የሚያከፋፍለው ሰው «የውኃ አባት» ይባላል፤ በትግራይም «አቦ ማይ» ይሉታል። የኦማን ጉድጓድ እናት ሲኖረው የእኛ ቦይ አባት አለው። የጎደለን ሰው ሳይሆን ብዙ ጊዜ የተጻፈ ደንብና ትክክለኛ መስፈሪያ ነው። የሚከተለው ስሌት ምሳሌ ነው፤ እናንተ በራሳችሁ ቁጥር ትተኩታላችሁ።

ሀ/ ውኃውን ለኩ። በቦዩ ራስጌ ውኃው የሚወርድበት ቦታ አበጅታችሁ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ደቅኑ። በርሜሉ በ20 ሴኮንድ ከሞላ ውኃው በሴኮንድ 10 ሊትር ነው፤ በ1 ሰዓት 36,000 ሊትር ይሆናል። በጥር፣ በመጋቢትና በሚያዝያ እየለካችሁ ጻፉ።

ለ/ መሬቱን ቁጠሩ። ጠቅላላው የሚጠጣው መሬት 24 ጥማድ ነው እንበል፤ 1 ጥማድ ሩብ ሄክታር ያህል ነው።

ሐ/ ዙሩን ወስኑ። ውኃው ወደ አንድ ማሳ በየ8 ቀኑ ይመለስ እንበል። ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ቢጠጣ በቀን 12 ሰዓት ነው፤ በ8 ቀን 96 ሰዓት ይሆናል።

መ/ የጋራውን አስቀድማችሁ ቀንሱ። ጧት ጧት ደረቁን ቦይ ለመሙላት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ በ8 ቀን 4 ሰዓት ነው። ይህ ከማንም ድርሻ ላይ አይቆጠርም፤ ካለዚያ ሁልጊዜ የሚጎዳው የታችኛው ገበሬ ነው። እንደ ኦማን ልማድ ሌላ 4 ሰዓት የቦዩ የራሱ ድርሻ ይሁን፤ እርሱን የሚፈልግ ሰው ገዝቶ ያጠጣበት፤ ገንዘቡ ለጥገና ይቀመጥ። ከ96 ሰዓት 8 ሲቀነስ 88 ይቀራል።

ሠ/ ክፈሉ። 88 ሰዓት ለ24 ጥማድ ሲከፈል ለ1 ጥማድ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይደርሳል። ግማሽ ጥማድ ላለው 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። የእያንዳንዱ ሰዓት የሚቆጠረው ውኃው ማሳው በር ላይ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ረ/ ይበቃ እንደ ሆነ አስቡ። በ3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የሚደርሰው ውኃ 132,000 ሊትር ነው። በ1 ጥማድ ላይ ሲዘረጋ 53 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያህላል። በአፈር ቦይ ሲሦው ሰርጎ ቢቀር 35 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ይህም በቀን ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚሆን ለሽንኩርትና ለመሳሰለው አትክልት የሚበቃ ነው።

ሰ/ የድርቁን ደንብ አስቀድማችሁ ጻፉ። በርሜሉ በ20 ሴኮንድ መሙላቱ ቀርቶ በ40 ሴኮንድ ከሞላ ውኃው በግማሽ ቀንሷል። ሰዓት ለማስጨመር መለመን አይገባም፤ ሰዓቱ እንዳለ ይቆይ። እያንዳንዱ ገበሬ በዚያ ወቅት ከመሬቱ ግማሹን ብቻ ይዝራ። ቡና፣ ሎሚ፣ ጌሾና መንጎ ቅድሚያ ያግኙ፤ የወቅት መደብ ይጠብብ። ይህ ደንብ ውኃ ሞልቶ ሳለ የሚጻፍ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፣ ማሳ ሲደርቅ የተደረገ ስምምነት አይጸናም።

ሸ/ ጠረጋውን እንደ ውኃው ክፈሉ። 2 ጥማድ የሚያጠጣ ሰው 1 ጥማድ ከሚያጠጣው እጥፍ ርዝመት ይጥረግ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ጠረጋው ለአንድ ወገን ብቻ እንዳይተው።

ቀ/ ምንጩን ከልሉ። ከምንጩ ዓይን በላይ ያለው ኮረብታ አይታረስ፤ ሣርና ዛፍ ይኑረው። በአካባቢው ጉድጓድ ለመቆፈር ወይም ፓምፕ ለመትከል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ለማኅበሩ ያስታውቅ።

7ኛ፤ ለልማት ሠራተኛው

ወደ አንድ መንደር ስትሄዱ ስለ ግንቡ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ክፍፍሉ ጠይቁ። የውኃ አባቱን ፈልጋችሁ ተራውን እንዴት እንደሚያዞር፣ በድርቅ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ፣ አጥፊ ሲገኝ እንዴት እንደሚቀጣ አዳምጡ። የቆየ ልማድ ካለ አታፍርሱት፤ ጻፉት፤ የሚጎድለውን ከገበሬዎቹ ጋር ሆናችሁ ጨምሩበት። በቦዩ መጨረሻ ያሉትን ገበሬዎች፣ እንዲሁም መሬት ያላቸውን ሴቶች፣ በስብሰባው ላይ አስቀምጡ፤ የክፍፍሉ ትክክለኛነት የሚመሰከረው በቦዩ ጫፍ ነውና። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 እንዲህ ያሉ ማኅበራት በሕግ እንዲቋቋሙ መንገድ ከፍቷል። አዋጁ በወረቀት ከሚቀር ገበሬው በሚያውቀው ቋንቋ አስረዱት።

ፈለግ ማለት ወንዝ ነው፤ ፈለጅ ማለት የተከፈለ ውኃ ነው። ወንዙን እግዚአብሔር ሰጥቶናል። ወደ ፈለጅ የሚለውጠው ግን የጎረቤታሞች ስምምነት ነው። ቦያችሁ ከመጪው የበጋ ወራት በፊት የተጻፈ ተራ፣ የታወቀ መስፈሪያና የራሱ የጥገና ድርሻ ይኑረው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቦያችሁ ውኃ የሚከፈለው በጊዜ ነው ወይስ በሌላ መንገድ? ባለፈው ሚያዝያ የታችኛው ገበሬ ስንት ጊዜ አጠጣ?
2. ደረቁን ቦይ ለመሙላት የሚጠፋው ውኃ የሚቆጠረው በማን ላይ ነው?
3. ውኃው በግማሽ ቢቀንስ በየማሳችሁ መጀመሪያ የሚተወው መደብ የትኛው ነው? ይህን ሁሉም ያውቀዋልን?
4. የጥገና ገንዘብ ከየት ይመጣል? ለቦዩ የራሱ ድርሻ መመደብ ትስማማላችሁን?
5. በምንጫችሁ አጠገብ አዲስ ፓምፕ ቢተከል የሚከለክል ወይም የሚያስማማ ደንብ አለን?